መቃብር ዘራፊውን ቀጥቃጭ አታድርጉት
ወጣቶቻችን ገጸ ባሕርይ ተላብሰው ለሚጫወቱት ምናባዊ ጨዋታ ሞት የተጠናወተው መቃብር ዘራፊ ቢፈጥሩ አልቃወምም፤ ከአገራችን ተረት እንቅዳው ካሉ ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ቀጥቃጭ አታድርጉት። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፣ እንደ ሌላውም የአማራ አካባቢ፣ ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ አዲስ መቃብር ይከፍታል፣ ሬሳ ያወጣል የሚባለው ወሬ የሚለጠፈው በባለ እጁ ላይ ነው፤ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በምትሠራው፣ ቆዳ በሚፍቀው። ወናፉን እያናፋ ማረሻ የሚያሾለው እሱ ነው፤ ጀበናውና ምጣዱ የእሷ እጅ ሥራ ነው። የቀብር ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ዶማ እንኳ የሠራው ያው ሰው ነው! ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከሰው አፍ አልወጣም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። እውነተኛ መቃብር ዘራፊ ለሚፈልግ ታሪክ አላሳጣንም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች የአቡነ ሰላማን መቃብር ሰብረው ዘርፈዋል። የገጸ ባሕርዩን የሕይወት ታሪክ ከዚያ ጀምሩለት።