መስታወትና ካዝና

ቀን ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በየትኛውም ባንክ የማይመነዘር ግጥም እጽፋለሁ፡፡ ሁለቱ ሥራዎች ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስሉኝ ነበር፡፡ ባለፈው ክረምት ግን አንዱ ለሌላው ሊያስተምረው ይችል የነበረውን ነገር በውድ ዋጋ ተማርኩት፡፡ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ቅኔ ወይም ስለ ልቦለድ አይደለም፤ ስለ ፋይል ነው፡፡ «ይህ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሰኝ፡፡ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ይጽፍ የነበረው የጥንቱ ጸሐፊ መጽሐፉን በማኅደር ከትቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር፡፡ እኛ ደመና ላይ ሰቅለናል፡፡ የተሰቀለበትን ችንካር ግን ስንቶቻችን አይተነዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ላፕቶፔ ሁለት ዲስክ አለው፡፡ «ሲ» የሚባለው ፈጣን ግን ጠባብ፣ 128 ጊጋባይት ብቻ፤ «ዲ» የሚባለው ዝግተኛ ግን ሰፊ፣ 1 ቴራባይት፡፡ ከደመናው ጋር የሚመሳሰለው ፎልደሬ እንደ ልማዱ «ሲ» ላይ ነበር የተቀመጠው፡፡ በውስጡ የአሥር ዓመት ግጥሞቼ አሉ፡፡ ከግጥሞቼ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «እናቴ» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ነው፡፡ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች፤ ለዕረፍት አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር በስልኬ እቀዳት ነበር፡፡ 41 ቅጂዎች ናቸው፡፡ ግጥሙን ከራሷ ነው የምታወጣው፤ ዛሬ ያለችውን ነገ አትደግመውም፡፡ በአንዳንዱ ቅጂ ከድምፅዋ ይልቅ የእንዝርቱ ሽክርክሪት ጎልቶ ይሰማል፡፡ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፡፡

«ሲ» ሞላ፡፡ ኮምፒውተሩም ቦታ ጠበበኝ እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር፡፡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የግጥሞቼንና የእናቴን ፎልደሮች ቆርጬ «ዲ» ላይ ለጠፍኳቸው፡፡ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ሳላነበው «እሺ» አልኩት፡፡ (በመስኮቴ ደንበኛ ሳያነብ ሲፈርም ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ!) ቦታው ተለቀቀ፣ ኮምፒውተሩ ፈጠነ፣ እኔም ደስ አለኝ፡፡ ሦስት ሳምንት አለፈ፡፡ ከዚያ «ዲ» ቀጭ… ቀጭ… ማለት ጀመረ፤ በማግሥቱ ጭራሹን ዝም አለ፡፡

አልደነገጥኩም፡፡ «ደመናው ላይ አለ» አልኩና በስልኬ ከፈትኩት፡፡ የለም፡፡ እህቴ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ያው ፎልደር ይመሳሰል ነበርና ደወልኩላት፡፡ እዚያም የለም፡፡ «የእማዬ ድምፅ ጠፋ ማለትህ ነው?» አለችኝ፡፡ መልስ አልሰጠኋትም፡፡

ደመናው በደለኝ ብዬ ለመጮኽ ቃጥቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልበደለኝም፡፡ ያዘዝኩትን ፈጸመ፡፡ ማመሳሰል ማለት በሁሉም ቦታ ያለው ነገር አንድ እንዲሆን ማድረግ ነው፡፡ በዚህ ኮምፒውተር ከሚመሳሰለው ፎልደር አንድ ፋይል ቆርጠህ ወደ ውጭ ስታወጣ፣ ማመሳሰያው «ባለቤቱ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጠው» ብሎ አይረዳም፡፡ «ባለቤቱ አጠፋው» ብሎ ነው የሚረዳው፡፡ ስለዚህ ከደመናውም፣ ከስልክህም፣ እህትህ ቤት ካለው ኮምፒውተርም ያጠፋዋል፡፡ ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ ብዬ እመካ የነበረው አንድን ነገር በሦስት መስታወት እያየሁ ነበር፡፡ ሰውየው ከፊቱ ዘወር ሲል መስታወቱ ሁሉ ባዶ ይሆናል፡፡

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ ለባንክ ሠራተኛ ይህኛው ይበልጥ ይገባል፡፡ ዛሬ ዛሬ እንደ ዋንድራይቭ ያሉት አገልግሎቶች የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ፋይሉን ሳይሆን የፋይሉን ስም ብቻ ኮምፒውተራችን ላይ ያስቀምጣሉ፡፡ ስሙ ይታያል፣ መጠኑ ይታያል፣ አጠገቡ ግን ትንሽ የደመና ምልክት አለች፡፡ ይህ ቼክ ነው እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ ሌላ ቅርንጫፍ ነው ያለው፡፡ ኢንተርኔት ሲኖር ትመነዝረዋለህ፤ ከሌለ ወረቀት ይዘህ ትቀራለህ፡፡ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ጽሑፉን በዚህ መንገድ ያኖረ ሰው የራሱን ግጥም ማንበብ አይችልም ነበር፡፡ ስሙን እያየ፡፡

እንግዲህ ፎልደሩን ወደ ሁለተኛው ዲስክ ማዛወር ስሕተት ነውን? አይደለም፤ ጠባብ ዲስክ ላለው እንዲያውም ግድ ነው፡፡ ስሕተቱ ከአካሄዱ ነው፡፡ በዋንድራይቭ የሆነ እንደሆነ መጀመሪያ ዋናው ፎልደር ላይ በቀኝ ተጭኖ «ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ይቀመጥ» የሚለውን መምረጥ፣ የደመና ምልክቶቹም ሁሉ ወደ አረንጓዴ እስኪለወጡ መታገሥ ያስፈልጋል፡፡ የእኛን የኔትወርክ ፍጥነት ለሚያውቅ ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን፡፡ ቀጥሎ ከማስተካከያው ገብቶ ኮምፒውተሩን ከአካውንቱ ማለያየት ነው፡፡ ሰው በዚህች ቃል ይፈራል፤ ማለያየት ግን ማጥፋት አይደለም፡፡ በማስተዋወቂያው ጊዜ ሁለት ሰዎችን እንደ ማለያየት ነው፤ ከተለያዩ በኋላ አንዱ ቤት ቢለውጥ ሌላው እንደ ሞተ አይቆጥረውም፡፡ ከተለያዩ በኋላ ፎልደሩን በሙሉ ወደ «ዲ» መውሰድ፣ ተመልሶ በአካውንቱ መግባትና ቦታውን ሲጠይቅ አዲሱን ማሳየት ነው፡፡ «እዚህ ቦታ ፋይሎች አሉ፤ ልጠቀምባቸው?» ይላል፤ አዎን ይሉታል፡፡ ጉግል ድራይቭ ደግሞ «ሁሉም እዚህ ይቀመጥ» ወይስ «ስፈልገው ብቻ ይምጣ» ብሎ ራሱ ያስመርጣል፤ የሚቀመጥበትንም ዲስክ ከማስተካከያው መለወጥ ይቻላል፡፡ እኔ አንድ እሑድ ብታገሥ ኖሮ ይህንን ሁሉ ማድረግ እችል ነበር፡፡

ይሁን እንጂ በትክክል የተዛወረ ፎልደርም ያው መስታወት ነው፡፡ ለዚህ ነው ከሁለት ዓይነት ወዳጆቼ ጋር የማልስማማው፡፡ አንዱ «ዘመኑ የደመና ነው፤ ዲስክ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል፡፡ ሌላው ደግሞ «እኔ ከወረቀት ሌላ አላምንም» ይላል፡፡ የመጀመሪያው ማስታወሻውን በማያውቀው ሰው ቤት አደራ አስቀምጦ ቁልፉን በፓስወርድ ያንጠለጠለ ነው፡፡ የሁለተኛው ወረቀት ደግሞ እሳትንም፣ አይጥንም፣ ቤት መቀያየርንም አያሸንፍም፡፡ ለእናቴ እንጉርጉሮማ ወረቀት ምን ይፈይዳል? የእንዝርት ድምፅ በየትኛው ፊደል ይጻፋል?

በባንካችን ካዝናው የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰው ኪስ አያድሩም፡፡ ሰዎቹ ስለማይታመኑ አይደለም፤ የአንድ ሰው ስሕተት ብቻውን ካዝናውን ባዶ እንዳያደርገው ነው፡፡ ጽሑፍም ይህንን ይፈልጋል፤ አንዱ ቅጂ ሲሳሳት አብሮት የማይሳሳት ሌላ ቅጂ፡፡ አባቶቻችን ይህንን በማይክሮፊልም አድርገውታል፡፡ በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትን አንሥቶ፣ አንዱ ቅጂ እዚሁ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አደረገ፡፡ አዲስ አበባ ያለው ፊልም ቢበላሽ የሚኒሶታው ተከትሎት አይበላሽም፡፡ ደመናውና ላፕቶፑ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ገደል ሲገባ ሌላውም ይከተላል፡፡

ወደ እናቴ ልመለስ፡፡ የጠፋ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ለግል ተጠቃሚ 30 ቀን በደመናው ቆሻሻ መጣያ ይቆያል፡፡ ይህንን የነገረኝ ከቢሮዬ ጎን ያለው የኮምፒውተር ክፍል ልጅ ነው፡፡ ስደርስ 23ኛው ቀን ነበር፡፡ ከደንበኞች ረቂቅ ደብዳቤና ከደበዘዘ ፎቶ መካከል «እናቴ» የሚለው ስም ተቀምጧል፡፡ 41ዱንም መለስኳቸው፡፡ ለእህቴ ደውዬ አንዱን በስልክ አሰማኋት፤ ሳትናገር አዳመጠችና ዘጋችው፡፡

አሁን ሁለት ነገር አድርጌአለሁ፡፡ ፎልደሩ በደንቡ ወደ አዲስ «ዲ» ተዛውሯል፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ ከምንም ጋር የማይመሳሰል ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቻለሁ፡፡ ቅዳሜ ማታ ሰክቼ እገለብጥበትና ነቅዬ እናቴ በፈተለችው ጋቢ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፡፡ ሁለተኛው ደግሞ እህቴ ቤት ነው፡፡

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት «ዲ» ላይ ብቻ የጻፍኳቸው ሦስት ግጥሞች ግን በቆሻሻ መጣያውም አልተገኙም፤ ደመናው አይቷቸው አያውቅምና፡፡ ጠጋኙም ዲስኩን አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፡፡ ሁለቱን ከነመኖራቸው ረስቻቸዋለሁ፡፡ አንደኛውን እስከ ስድስተኛው ስንኝ ድረስ አስታውሼ ጽፌዋለሁ፤ ሰባተኛው ላይ አንድ ቃል አለ፣ በ«ረ» የሚያልቅ፣ በመስኮቴ ገንዘብ ስቆጥር አንዳንዴ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ደንበኛው ሲያናግረኝ ይመለሳል፡፡