የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ማንዋሉ ቆቦ ላይ ሲነበብ

ይህ ዕትም ለአዛዦችና ለስታፍ መኮንኖች በሚዘጋጁ የጦር ማንዋሎች ላይ ያተኩራል። ደረቅ ንባብ ነው የሚል ካለ ከቆቦ ሜዳ ይጀምር። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፤ በመሀል በበጋ አሸዋቸው ብቻ የሚታይ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በድንገት ሞልተው መንገድ የሚቆርጡ ወንዞች። ስለ መልክዓ ምድር የሚያትተው ምዕራፍ ይህን ካልጠየቀ የስንቅ መኪናው ከወንዝ ማዶ ይቀራል።

በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን አብስሎ ለማውጣት ጊዜ አላገኘም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ ማይጨው ላይ በጀግንነት ተዋጋ፤ ሚያዝያ 7 ጣልያን ቆቦ ባለችበት በራያ በኩል ወርዶ ደሴ ገባ። የአውሮፕላኑንና የመርዝ ጋዙን ግፍ ሳልረሳ፣ እኔን የሚቆጨኝ መረጃን፣ ስንቅንና ትእዛዝን የሚያቀናጅ የሠለጠነ ስታፍ አለመኖሩ ነው።

የቆቦ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው ከደጁ ነው። ስለ ሰላማዊ ሰዎች ጥበቃ የሚናገረውን ጽሑፍ ያስቀደምነውም ለዚህ ነው።

የድሮ ማንዋል በቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ጡረተኛ መኮንኖች፣ ምስጢርነቱ ያበቃውን ቅጂ ብትልኩልን በሚቀጥለው ዕትም እናስተዋውቀዋለን።