«ቼንጅ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ለዛሬው አምዳችን የመረጥነው አንድ ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ቼንጅ»። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። በስብሰባ ላይ ይነሣል፣ በወጣቶች ጨዋታ መካከል ይገባል፣ አልፎ አልፎም ከመድረክ ይሰማል። ባልና ሚስት ሲወቃቀሱም አይጠፋም። «አንተ ቼንጅ ካላደረግህ ይህ ቤት አይቀጥልም» ትላለች ሚስት። «እሷ ቼንጅ ታድርግ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል ባል። ለመሆኑ እንዲህ ስንባባል የምንጠይቀው ምንድን ነው? ጠያቂውና ተጠያቂውስ ስለ አንድ ነገር እየተነጋገሩ ነው?

አንድ ቃል፣ ብዙ ስም

እንግሊዝኛው ይህን አንድ ቃል ብዙ ሥራ ያሠራዋል። እኛ ግን ለየሥራው ለየብቻ ስም አለን። ሮቤ ገበያ ወጥታችሁ ዕቃ ብትገዙ፣ ከከፈላችሁት ተርፎ የሚሰጣችሁ «መልስ» ነው። መቶ ብር ሰጥታችሁ በአሥር በአሥር የምትቀበሉት «ዝርዝር» ነው። ከውጭ የተላከላችሁን ዶላር ባንኩ በብር ሲሰጣችሁ «ምንዛሪ» ነው። ለመንገድ በሻንጣ የምትይዙት ልብስ «ቅያሪ» ነው። ሰው ከነበረበት ወጥቶ ሌላ ሲሆን ደግሞ «ለውጥ» እንላለን። ለእንግሊዝኛው አምስቱም «ቼንጅ» ናቸው።

የቃሉ ሥር ደግሞ ገበያ ውስጥ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው «ካምቢያሬ» ከሚል የላቲን ቃል ወርሶታል፤ ትርጉሙም አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መውሰድ ነው። ሾፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ የወሰዱት «ካምቢዮ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የእኛም «ለወጠ» ከገበያ የራቀ አይደለም። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህንና ብርጭቆ የሚሰጠው ሰው «ልዋጭ!» እያለ ሲጣራ አስታውሱ። እንግዲህ ስለ ለውጥ ስናስብ ልባችን ሳይታወቀው ወደ ገበያ ቢሄድ አያስደንቅም። ችግሩ ትዳር ገበያ አለመሆኑ ነው።

ቅያሪ የሚፈልግ ልብ

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቻችን በተቀየሩ ጊዜ የሆነውን እናስታውሳለን። አሮጌው መቶ ብር ታጥቦና ተስተካክሎ አዲስ አልሆነም። ተሰብስቦ በሌላ ተተካ፤ የተሰጠው የጊዜ ገደብ ካለፈ በኋላም ዋጋ አጣ። ይህ ቅያሪ ነው፤ ለገንዘብም ተገቢ ነው።

ለሰው ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። «የጎረቤታችንን ባል አታየውም?»፣ «የወንድሜ ሚስት እንዳንቺ አይደለችም» የሚሉ ንግግሮች ለውጥ የሚጠይቁ ይመስላሉ እንጂ የሚጠይቁት ቅያሪ ነው። ሰሚውም ይህን በልቡ ያውቃል። «ተሻሽለህ ና» እንዳልተባለ፣ «በቦታህ ሌላ ሰው ቢኖር ይሻል ነበር» እንደተባለ ይገባዋል። ስለዚህ ጥፋቱን ከመመርመር ይልቅ ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል። ነቀፋው ትክክል ቢሆን እንኳ መንገዱ ተዘግቷል።

ሌላም ቅያሪ አለ። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዴሎ መና የሚሄድ መንገደኛን አስቡ። መኪናው ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጋቢውን ይደርባል። 4,377 ሜትር የሆነው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ከመንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ብርዱም አጥንት ይገባል። ሪራን አልፎ በሃረና ደን ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል። መና ሲደርስ በሸሚዝ ብቻ ነው። በአንድ ቀን መንገድ ልብሱ ተቀያየረ፤ ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። ቤት የቀየሩ፣ ከተማ የቀየሩ፣ ሥራ የቀየሩ፣ ጭቅጭቃቸው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ ተጭኖ የሄደ ባለትዳሮች ጥቂት አይደሉም።

እስስቷና የቡናው ፍሬ

የሃረና ደን የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ደኑ ስለ ለውጥ የሚያስተምሩን ሁለት ነገሮች በውስጡ ይዟል።

አንደኛው እስስት ነው። በሃረና ስም የተጠራች፣ ከባሌ ተራሮች ውጭ የማትገኝ የእስስት ዓይነት አለች። እኛ እስስት ቀለሟን የምትለዋውጠው ተቀምጣ ያለችበትን ነገር ለመምሰል ብቻ ይመስለናል። እስስቶችን ያጠኑ ሰዎች ግን ሙቀትና ብርድ፣ ፍርሃትና ቁጣ፣ ተቀናቃኝም ሲመጣባት ቀለሟን እንደሚለዋውጡት ይነግሩናል። ያ ሁኔታ ሲያልፍ ቀለሙም አብሮ ያልፋል።

ሁለተኛው ቡና ነው። በታችኛው ሃረና፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ይበቅላል። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ወራት ይቆያል። ከዚያም ቀስ በቀስ ይቀላል። ከውጭ ቀለም የቀባው የለም፤ ከውስጥ በስሎ ነው። አንዴ የቀላ ፍሬ ደግሞ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም።

ሁለቱም ቀለማቸው ተለውጧል። በሩቅ ለሚያይ ልዩነት የላቸውም። በትዳርም እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎች ቤት ሲመጡ የሚለዝብ አንደበት፣ እሑድ ጠዋት ብቻ የሚታይ ትሕትና፣ «ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ» ሲባል ለሳምንት የሚቆይ ደግነት አለ። ይህ የእስስት ለውጥ ነው፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ያልፋል። እንግዲያው የትዳር ጓደኛችሁን ለውጥ፣ ይልቁንም የራሳችሁን፣ በመጀመሪያው ሳምንት አትመዝኑት። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ፣ ዛቻው ከቆመ፣ የሚያይ ሰው ከሌለ በኋላ ምን ይመስላል? መመዘኛው ይህ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ለውጥ የሚናገሩት በዚህ መንገድ ነው። በአዲስ ኪዳን «ንስሐ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ሜታኖያ» የአስተሳሰብን መለወጥ ያመለክታል። በብሉይ ኪዳን ነቢያት ደጋግመው የሚጠቀሙበት የዕብራይስጥ ቃል ደግሞ «መመለስ» ማለት ነው። ከውስጥ መለወጥና ከሄዱበት መመለስ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ትልቁን ኖት መዘርዘር

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከዝርዝሩ ነው። ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሁለት መቶ ብር የሚዘረጋ ተሳፋሪ ገንዘብ የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ረዳቱ «ዝርዝር ስጠኝ» ይለዋል። «ተለወጥ» የሚለው ቃልም እንደዚያ ትልቅ ኖት ነው። እውነት ነው፣ ግን በዕለታዊው ኑሮ ላይ አይሠራም። «ጠባይህን ለውጥ» የተባለ ባል ነገ ጠዋት ከየት ይጀምራል? «ማታ ከሥራ ስትገባ ስልክህን አስቀምጠህ ከልጆቹ ጋር ጥቂት ተጫወት» ቢባል ግን ይገባዋል። «ለእኔ ክብር የለሽም» የተባለች ሚስት ምን ታድርግ? «በእንግዳ ፊት ስናገር አታቋርጪኝ» ብትባል ግን የምትይዘው ነገር ታገኛለች። ዛሬ ማታ ሁለታችሁም ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ ከሌላው የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ፣ በዝርዝር ጻፉ። አንድ ብቻ ይሁን።

ከዝርዝሩ በኋላ መልስ ይመጣል። ዘኬዎስን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እናገኘዋለን። ተለውጫለሁ ብሎ በቃል ብቻ አላቆመም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ለውጡ መልስ ነበረው። በትዳርም የወሰድነው ነገር አለ። በሰው ፊት አዋርደን ከሆነ ክብሩን በዚያው ሰው ፊት እንመልስ። ተደብቀን ያጠፋነው የቤት ገንዘብ ካለ ወደ ቤቱ እንመልስ። ሠርጋችን ካለፈ በኋላ «መልስ» ብለን የሙሽራዪቱን ወላጆች ቤት በደስታ ሞልተን ነበር። ትዳር ከዚያ ቀን ጀምሮ መልስ እንደሚፈልግ ግን ቶሎ እንረሳለን።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ዱላ ባለበት ቤት «ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ታገሺ» የሚለው ምክር በቂ አይደለም። ቡናው እስኪበስል የሚጠበቀው ሰው እየቆሰለ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። የምትደበደብ እህት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ደኅንነቷ ነው። ለእርሷም ለልጆቿም ሰላም ያለበት ቦታ ይፈለግ፤ ሽማግሌዎችና አገልጋዮችም ነገሩን አድበስብሰው ወደ ዱላው አይመልሷት። የባልየው ንስሐ እውነተኛ ከሆነ ከሩቅም ሆኖ ፍሬውን ያሳያል።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ቼንጅ አድርግ»፣ «ቼንጅ አድርጊ» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አንድ አፍታ ቆም በሉ። የምፈልገው ቅያሪ ነው ወይስ ለውጥ? ዝርዝሩን ተናግሬአለሁ? ከእኔስ የሚጠበቅ መልስ አለ? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ወደ ጠያቂው ይመለሳልና።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።