አቦሉ ሰማይ ላይ ነው፤ ቶናውስ?

ወዳጆቻችን፣ ሰማይ ላይ «ቡና» የምትባል ኮከብ እንዳለች ታውቁ ኖሯል? ቀልድ አይደለም። እሷን የምትዞራት ፕላኔት ደግሞ ስሟ «አቦል» ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቷ መድቦ «ስም አውጡላቸው» አለ። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኮከብ እስከዚያ ድረስ «ኤችዲ 16175» በሚል ቁጥር ብቻ ትታወቅ ነበር። ስሞቹ ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኑ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ ተተኮሰች። የሳተላይቷን ዜና ያልሰማ የለም። የአቦልን ዜናስ ስንቶቻችን ሰማን?

ጥያቄው በተለይ ነቀምቴ ላይ ሲጠየቅ ይከብዳል። ነቀምቴ የቡና ከተማ ናት፤ የምዕራቡ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ በስሟ ይሸጣል። ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ኑሮው ከቡና ጋር ያልተነካካ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሰማይ ላይ በወጣው ስም ውስጥ የወለጋ ገበሬ ላብ አለበት ብንል አጋነናችሁ የሚለን ያለ አይመስለንም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የዚያ ገበሬ ልጅ ስም ከማዋስ አልፎ ፕላኔት ፍለጋው ውስጥ መግባት ይችላል ወይ? እኛ ይችላል ባዮች ነን። የጎደለውም ቴሌስኮፕ አይደለም ባዮች ነን።

በመጀመሪያ አቦልን እንወቃት

አቦል ከኛ 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ነው፤ ጁፒተር ራሷ ደግሞ የመሬትን 318 እጥፍ ትመዝናለች። ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል። የጋዝ ክምር ስለሆነች ረከቦት የሚቀመጥበት፣ ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት መሬት የላትም። የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2009 ምድር ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ ነው፤ በስበቷ ኮከቧን ስታወዛውዝ ተይዛ። ግዙፍ ፕላኔት በዚህ ዘዴ ትያዛለች። የኛን መሬት የምታክል ትንሽ አለታማ ፕላኔት ግን ኮከቧን እምብዛም አታነቃንቅም። እንዲህ ያለችውን ለማግኘት ነው ቴሌስኮፑ ራሱ ወደ ሕዋ መውጣት ያስፈለገው።

ናሳ «ኬፕለር» የተባለውን ቴሌስኮፕ ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ነው። የመጀመሪያ ሥራው ከ150,000 በላይ ኮከቦች ላይ ለዓመታት ማፍጠጥ ነበር። ፕላኔት በኮከቧና በኛ መካከል ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን ትንሽ ይደበዝዛል። ትንሽ ስንል ምን ያህል? መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚቀንሰው ከአንድ ሚሊዮን እጅ 84ቱን ብቻ ነው። በቡና ቋንቋ እንናገረው፦ አንድ ሰው ከ60 ኪሎ ጆንያ ላይ 5 ግራም ቡና ቢያነሳ፣ ነጋዴው በሚዛን ብቻ «ተነክቷል!» ብሎ እንደሚያውቅ ማለት ነው። ምድር ላይ ሆኖ ይህን ማየት አይሞከርም። አየሩ የኮከብን ብርሃን ያርገበግበዋል፣ ሌሊቱ ይነጋል፤ የወለጋን ክረምት ለሚያውቅ ደግሞ የደመናውን ነገር መንገር አያሻም።

ደግሞ አንድ ጊዜ መደብዘዙ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በመካከል ያለውን ጊዜ ይነግራል። ሦስተኛው በዚያው ልክ ሲመጣ ያን ጊዜ ልብ ይረጋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! በዓመት አንዴ ኮከቧን የምትዞር ሁለተኛ መሬት ብትኖር፣ በረካው እስኪደርስ ሦስት ዓመት ገደማ መቀመጥን ይጠይቃል። የኬፕለር አሳቢ ዊልያም ቦሩኪም ትዕግሥትን ያውቁታል፤ ናሳ ሐሳባቸውን 4 ጊዜ መልሶባቸው ነው በ5ኛው የተቀበላቸው።

ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ2018 ነዳጁን ጨርሶ ሲያርፍ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶችን አስገኝቶ ነበር። እሱንና ሌሎቹን ሁሉ ደምረን ዛሬ የምናውቃቸው ከ6,000 አልፈዋል። በስፋቷ መሬትን የምትቀርብ አለች፤ ዓመቷ 385 ቀን የሆነም አለች። «ሁለተኛዋ መሬት ይህች ናት» ተብሎ የተማለላት ግን የለችም። በረካው ገና ነው።

ወለጋ በዓይኗ አይታዋለች

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። ቀለበት የሚመስለው ግርዶሽ በምዕራብ ወለጋ አድርጎ፣ ጎጃምን አቋርጦ ወደ ላሊበላ ተጓዘ። ኬፕለር ከሩቅ የሚያነበውም ይኸንኑ ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው። ለአንድ የፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ይመጣለታል? ግን ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘግተው ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ።

«ሆድ ሳይጠግብ ኮከብ መቁጠር ምን ይሉታል?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኬፕለርን እንሥራ ያለ የለም። 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀውን ሥራ ሌሎች ከፍለውበት፣ ውጤቱን ማንም እንዲያየው በነፃ በኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። የምርጥ ቴሌስኮፕ መረጃ ለሃርቫርድ ተማሪም ለነቀምቴ ተማሪም እኩል ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዲግሪ የማይጠየቅበት የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አለ፤ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የኬፕለርን ግራፍ እያዩ፣ አራት ፀሐይ ባለበት ሰማይ ውስጥ የምትኖር ፕላኔት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጋ ደግሞ ዎልፍ ኩኪየር የተባለ የ17 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናሳ ውስጥ ለልምምድ በገባ በሦስተኛ ቀኑ «ቴስ» ከተባለው ቴሌስኮፕ መረጃ ሁለት ፀሐይ የምትዞር ፕላኔት አገኘ። ያ ልጅ መስታወት አልሠራም፣ ሮኬት አልተኮሰም። ኮምፒውተር፣ መስመርና የሚያሳየው ሰው ነበረው።

የዚያ ዜና ቀን ይቆጨናል። ይፋ የሆነው በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ እስከ መጋቢትም አልተመለሰም። «አቦል» የሚለው ስም ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። የሰው ልጅ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ ያለች ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ያያል፤ ከአዲስ አበባ ደውሎ ደምቢ ዶሎ ያለችን እናት «እንደምን አደርሽ» ማለት ግን አልተቻለም። ለአንድ ተማሪ ሦስት ወር ማለት ሦስት ወር ብቻ አይደለም። የጀመረውን የሚረሳበት፣ «ይሄ ለኔ አይደለም» ብሎ የሚተውበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥያቄያችን ትልቅ አይደለም። አንደኛ፣ መስመሩ አይቆረጥ። ከፍለጋው የሚያስቀረን ድህነት ብቻ ሳይሆን መቆራረጥም ነው። ሁለተኛ፣ ነቀምቴ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓስ አላቸው። በሳምንት አንድ ምሽት የኮምፒውተር ክፍል ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢከፈት፣ አንድ የፊዚክስ መምህር በኦሮምኛ እያስረዳ ግራፉን ቢያሳያቸው፣ ይኸው ነው የምንለው። ቴሌስኮፕ መንካት ለሚፈልግ ደግሞ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከወለጋ የሚመጣ ተማሪ በር ላይ እንግዳ እንዳይሆን ነው። ሦስተኛው ለኛ ለጻፊዎቹ ነው። ሳተላይት ስትተኮስ ከምናጨበጭበው ጭብጨባ ጥቂቱን ቆጥበን፣ ልጁ በምን እንደሚጀምር እንጻፍለት።

ለኮከብ ስም ማውጣት ደስ ይላል። ስሙን የሰጠ አካባቢ ልጆች ግን ግብዣው ላይ ቁልቁል የሚያዩ ሳይሆን ከረከቦቱ ፊት የሚቀመጡ ሊሆኑ ይገባል። አቦሉ ወጥቷል፤ ቶናውን ከነቀምቴ እንጠብቃለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር ያሰንብተን!