የሕፃናት ጤና የተደራጀ ሕዝብ ተግባር ነው

ሕፃናትን ከተላላፊ በሽታዎች የመከላከል ተግባር ለጤና ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ለዚህም ታሪክ ምስክር ነው። በ1963 ዓ.ም በአገራችን የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ መንገድ ባልገባባቸው ተራሮችና በረሃዎች በእግርና በበቅሎ ተጉዞ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም የመጨረሻውን ሕመምተኛ አገኘ። ድሉ የመርፌው ብቻ አልነበረም፤ ሕመምተኛው ያለበትን ጎጆ የሚያመለክተው ሕዝብም ድል ነበር።

በ1972 ዓ.ም ኩፍኝን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ዘጊ አናዳን፣ የልጅነት ልምሻንና ሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል የክትባት ፕሮግራም ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አደረሰው።

ይሁን እንጂ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወልድያን፣ መርሳንና የሀብሩን ገጠር ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ክትባትም ተቋርጧል። የተዘረፈ ጤና ጣቢያ ይታደሳል፤ ማቀዝቀዣውም ይተካል። በእነዚያ ወራት ክትባቱን ያቋረጠ ሕፃን ግን ተፈልጎ ካልተገኘ በሕንፃ እድሳት አይድንም።

ኩፍኝ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከገባ አንዱ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ያስተላልፋል። ሥርጭቱን ለመግታት ከ100 ሕፃናት 95ቱ ሁለቱንም ክትባት ማግኘት አለባቸው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወልድያንና መርሳን ያቋርጣል፤ ደገኛውና ቆለኛው በገበያ ይገናኛሉ። ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ቸልተኝነት የጎረቤት ቀበሌ ሐዘን ይሆናል።

እዚህ ላይ ራሳችንን መሂስ ይገባናል። በዘመቻ ቀን የተሰለፈውን ሕዝብ ቆጥረን ሪፖርት እናደርጋለን፤ ጀምሮ ያቋረጠውን ሕፃን ግን አንቆጥርም። በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ለቀጠሮ ስትሄድ የዕለት እንጀራዋን ታጣለች። ቀሪዋን እናት «ቸልተኛ» ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ከአሠሪዋ ፈቃድ መጠየቅና ልጇን ይዞ መሄድ ግን የጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ግዴታ ነው።

የእድር መዝገብ ሞትን ይመዘግባል፤ ልደትንም ይመዝግብ። በየመንደሩ የተወለደው ሕፃን ስም ይያዝ፤ የክትባት ካርዱ ይታይ፤ የ9ኛና የ15ኛ ወር የኩፍኝ ቀጠሮው ይታወስ፤ የቀረው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በየቤቱ ይፈለግ።

አንድም ሕፃን ሳይከተብ አይቅር!