ለውሻ ክራር መምታት ከንቱ ነውን?

«አህያ ማር አይጥማትም» ይላል ያገራችን ተረት። ትርጓሜው የታወቀ ነው፤ መልካም ነገር ለማያውቅበት ቢሰጡት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው። ይህን ተረት ልጆች ሳለን ከሽማግሌዎች ሰምተነዋል፤ በትምህርት ቤትም ጽፈነዋል፤ ከዚያም ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገር እንሰማዋለን። ባለፈው ሰሞን ግን ተረቱን እንደገና እንድንመረምረው የሚያስገድደን አንድ ትንሽ ነገር ገጠመን። ትንሽ ነው ስንል የሚናቅ ነው ማለታችን አይደለም።

በምንኖርበት ሰፈር ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ አለ። አጎቱ ከገጠር ሲመጣ ያመጣለት አሮጌ ክራር አለው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ያስቀምጥና ከቤቱ ደጃፍ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ክራሩን ይመታል። አድማጩ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቡቺ የሚባለው ቡናማ ውሻው ነው። ቡቺ ገና ልጁ ክራሩን ሲያነሣ ከመጣበት ይመጣና ከደረጃው በታች ይተኛል፤ አገጩንም በፊት እግሮቹ ላይ ያሳርፋል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ይስቃል። እኛም መጀመሪያ ከሳቁት አንዱ ነበርን።

የልጁ አባት በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። አንድ ቀን ማታ ክራሩን ከልጁ እጅ ወስደው ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሉት። ምክንያቱንም ቡና ስንጠጣ ራሳቸው ነገሩን። «ሰው ለሰው ቢዘፍን እንኳ አዝማሪ ይባላል፤ ለውሻ የሚዘፍነውን ታዲያ ምን ልንለው ነው? ፈተናው ደርሷል፤ ይማርበት!» አሉ። ልጁ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኛም በዕድሜ የምናከብራቸው ሰው ስለሆኑ በዚያን ጊዜ ዝም አልን። ዝም ማለታችን ስለ ከነከነን ነው ዛሬ ይህን የምንጽፈው።

አባትየው ከተናገሩት ውስጥ እውነት የሌለበት አይደለም። ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሲጫወት ቢውል ጉዳቱ የራሱ ነው። ወላጅም ልጁን መገሠጽ ይገባዋል። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ለውሻው ክራር ሲመታ በእርግጥ ጊዜውን በከንቱ እያጠፋ ነበርን? ወይስ እኛ ያላየነውን አንድ ትምህርት እየተማረ ነበር?

ይህን ለመረዳት በማግሥቱ ልጁን በመንገድ አግኝተን «ቡቺ ክራርህን እንደሚወደው በምን አወቅህ?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «ቀጭኗን ክር ሳጠብቃት ጆሮውን አጥፎ ይሄዳል። ሳላላትና ቀስ ብዬ ስመታ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። አሁን አጥብቄ አልመታትም» አለን። እኛ ይህን መልስ አልጠበቅንም ነበር። ልጁ ውሻውን ያዘፍናል ወይም ያሠለጥናል ብለን ነበር የገመትነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው፤ ዜማውን የሚያርመው ውሻው ነበር።

ስሙ በዓለም የታወቀው የእንግሊዝ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን ይህን የመሰለ ነገር አድርጎ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1881 ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ትሎቹን በአፈር በተሞላ ማሰሮ አስቀምጦ ጆሮ አላቸው እንደ ሆነ ለማወቅ በአጠገባቸው ፉጨት አሰማ፤ ባሱን የሚባለውን ድምፁ ወፍራም የሆነ የትንፋሽ መሣሪያም አስነፋ፤ ፒያኖም በብርቱ አስመታ። ትሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አህያ ማር አይጥማትም» ብሎ በዚያው ይተው ነበር። ዳርዊን ግን ማሰሮውን አንሥቶ ከፒያኖው ላይ አስቀመጠው። አንድ ወፍራም ድምፅ በተመታ ጊዜ ትሎቹ ወዲያው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። በአየር የሚመጣውን ድምፅ ባይሰሙም በአፈሩ ውስጥ የሚያልፈውን ንዝረት ያውቁት ነበር። ጉድለቱ ያለው ከትሎቹ ሳይሆን ድምፁ ከደረሰበት መንገድ ነበር።

በቅርብ ዘመን የተደረገው ምርመራም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ2002 ቤልፋስት ከተማ የሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባለቤት ባጡ ውሾች መጠለያ ልዩ ልዩ ሙዚቃ አሰምተው ነበር። ውሾቹ የጥንቱን የአውሮጳ ሙዚቃ ሲሰሙ ይበልጥ ተኙ፤ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ ሲሰሙ ግን ይበልጥ ጮኹ። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ አገር የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለድመቶች ተብሎ የተዘጋጀ ዜማ አሰሙ። ዜማው ድመት በምትሰማው የድምፅ ከፍታና በኩርኩርታዋ ፍጥነት የተቀመረ ነበር። ድመቶቹ ለሰው ከተሠራው ይልቅ ለእነርሱ ወደ ተሠራው አዘነበሉ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ ከ40,000 በላይ የሚርገበገበውን ይሰማል። እንግዲህ ለእኛ ጥቂት ብቻ የቀጠነው ክር ለቡቺ ጆሮ ምን ያህል የተለየ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ትልልቆቹ ሊቃውንት በመሣሪያ የመረመሩትን ይህ ልጅ ከድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በጥቂቱ ደርሶበታል።

አንዳንድ አንባቢ «ውሻው የሚመጣው ለልጁ ብሎ እንጂ ለክራሩ ብሎ አይደለም» ይለን ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ውሻ ጌታውን ይወዳል፤ ክራሩ ባይኖርም ከልጁ እግር ሥር መተኛቱ አይቀርም። ነገር ግን ለክራሩ ግድ ከሌለው ቀጭኗ ክር ስትጠብቅ ለምን ተነሥቶ ይሄዳል? ይልቁንም የእኛ ነገር በውሻው ላይ የተመሠረተ አይደለም። ውሻው ምንም ይሁን፣ ልጁ ግን የሌላውን ጆሮ አይቶ የራሱን እጅ ማረም ተምሯል።

ይህ ነገር ላገራችን እንግዳ አይደለም። የገጠር እረኛ ከሸምበቆ ዋሽንቱን ቆርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አውጥቶ፣ ከከብቶቹ መካከል ሆኖ ሲነፋ ኖሯል። የዋለበት ሜዳ ትምህርት ቤቱ ነው፤ አድማጮቹም ላሞቹና በጎቹ ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው ብላቴናው ዳዊት ንጉሡን ሳኦልን በበገና እንዲያጽናና የተጠራው ከበጎቹ መካከል ነበር፤ ሲመጣም ጥበቡን ይዞት መጣ። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደግሞ፣ ገድሉ እንደሚተርከው ዜማን ወደ ሰማይ የመሩት ሦስት ወፎች ናቸው። ከዚያ ቀድሞም በትምህርት ተስፋ በቆረጠ ጊዜ እየወደቀ እየተነሣ ዛፍ የሚወጣ ትል አይቶ መጽናትን ተማረ ይላል። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከወፍ፣ ጽናትም ከትል ተገኘ ብለው ሲተርኩ አላፈሩም። ታዲያ እኛ አንድ ልጅ ከውሻ ተማረ ቢባል ለምን እናፍራለን?

አዝማሪ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መጠቀምም ዛሬ ቦታ ሊኖረው አይገባም። በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ክራርና ማሲንቆም እንደ ፒያኖው ሁሉ በትምህርት ይሰጡበታል። ይህን ስንል ግን ልጁ የግድ ሙዚቀኛ ይሁን ማለታችን አይደለም። ሐኪምም ይሁን፣ መሐንዲስም ይሁን፣ እንደ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛም ይሁን። ከደረጃው ላይ የተማረው ነገር በየትኛውም ሥራ ያስፈልገዋል።

ይህ አምድ የሚነበበው በይበልጥ በተማሪዎችና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ነውና ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። አንድ ቀን ጉዳይ ኖሮን በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለን አንዲት እናት ወረቀታቸውን አጥፈው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆመው አየን። በመስኮቱ በኩል ያለው ወጣት «እማማ፣ ማስታወቂያ ወጥቷል እኮ፣ ያንብቡት» አላቸው። እሳቸውም «አንብቤው ነበር ልጄ፣ ግን አልገባኝም» አሉ። እኛም ጠጋ ብለን አነበብነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተናል የምንለው ሰዎች ሁለት ጊዜ ካነበብን በኋላ ነው የገባን። ወጣቱ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ሥራው ያለቀ ስለ መሰለው ነው። ሕዝቡ ባይሰማ ጥፋቱ የሕዝቡ ነው ብሎ ያምናል።

እንዲህ ያለው ነገር በየቦታው አለ። አስተማሪው ተማሪዎቹ ሲያንቀላፉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ አነጋገሩን አይመረምርም። የእርሻ ባለሙያው ገበሬውን ሰብስቦ ከመጽሐፍ የቃረመውን ይነግረውና «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። እኛም ጸሐፊዎቹ አንባቢ የማያውቀውን ቃል ደርድረን፣ ሳይነበብ ሲቀር የንባብ ፍቅር ጠፋ እንላለን። ሁላችንም ቀጭኗን ክር እናጠብቃለን፤ አድማጩ ጆሮውን አጥፎ ሲሄድም «አህያ ማር አይጥማትም» እንላለን። ማሩ በምን እንደ ቀረበላት፣ የተራበችውስ ማር ይሁን ገለባ፣ አህያዋን የጠየቃት ሰው ግን የለም።

ለሰው መዝፈን በዚህ ረገድ ከባድ ነው። ሰው ይሉኝታ አለው፤ ባይወደውም ያጨበጭባል፤ ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃል። አለቃ የሆነ ሰውማ እውነተኛ ምላሽ ከናካቴው አያገኝም። ውሻ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ካልተመቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከተመቸው ይተኛል። ስለዚህ ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ያገኘው አድማጭ ብዙዎቻችን በሠላሳ ዓመታችን የማናገኘው ነው። በዚያም ላይ ከእርሱ የሚያንሰውንና ሊናገር የማይችለውን ፍጡር ደስ ለማሰኘት መድከምን ተምሯል። ዛሬ ስለ ውሻው ጆሮ የሚጨነቅ ልጅ፣ ነገ በመስኮቱ በኩል ሲቀመጥ ወረቀታቸውን አጥፈው ለቆሙት እናት ይጨነቃል ብለን ተስፋ ብናደርግ ተሳስተናል አንባልም።

ምክራችን አጭር ነው። ልጁ ትምህርቱን ያጥና፤ ለዚህም ሰዓት ይወሰንለት። ጥናቱን ከፈጸመ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ክራሩ ይሰጠው። ወላጆችም ልጆቻቸው ከእንስሳ ጋር ሲጫወቱ ቢያገኟቸው ከመቆጣታቸው አስቀድመው ጥቂት ቆመው ይመልከቱ። ወጣት ባልንጀሮቻችን የሆኑት ሠራተኞችም የጻፉት ማስታወቂያ ወይም የተናገሩት ቃል ሰሚ ሲያጣ፣ ሰሚውን ከመውቀሳቸው በፊት እንደ ዳርዊን ማሰሮውን አንድ ጊዜ ቦታ ቢለውጡለት መልካም ነው።

በዚህ ሳምንት በዚያ ደጃፍ በኩል ስናልፍ ልጁ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ደብተሩን ሲያነብ አየነው። ክራሩ ዛሬም ከቁም ሣጥኑ ላይ እንደ ሆነ ሰምተናል። ቡቺ ግን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቶ ከደረጃው በታች ተኝቶ ነበር። ለአባትየው ያን ማታ ቡና ስንጠጣ ልንነግራቸው ሲገባን ያልነገርናቸውን ዛሬ በዚህ ገጽ እንለምናቸዋለን፤ ጌታዬ፣ እባክዎ ክራሩን ያውርዱለት።