የአበባ ንግድና የሰሜን ቀጋ

የኢትዮጵያ አበባ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ገበያ በብዛት መሸጥ ከጀመረ ብዙ ዘመን አይደለም፤ ዳሩ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ አገሪቱ በአፍሪቃ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ የአበባ ሻጭ ለመሆን በቅታለች። ከሚሸጠውም ዋነኛው ጽጌ ረዳ ነው። ነገር ግን በየእርሻው የሚተከለው የጽጌ ረዳ ዓይነት አብዛኛው በባዕድ አገር ዐዋቂዎች የተገኘ ስለሆነ፥ አልሚው ለዘሩ ባለቤት ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ላይ ቅጠሉን ዐመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታና ሥሩን የሚያሳብጠው ደዌ በተነሣ ጊዜ የመድኃኒቱ ወጪ ይጨመርበታል፤ መድኃኒቱም ያለ ጥንቃቄ ሲረጭ ሠራተኛውንና ውሃውን ይጎዳል።

ለዚህ ችግር የዘመኑ ጥበብ ካገኛቸው መንገዶች አንዱ ከተክሉ ጥቂት ገላ ቈርጦ በብርጭቆ ውስጥ ማሳደግ ነው፤ ስሙም ቲሹ ካልቸር ይባላል። በ1952 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈረንሳዮቹ ዦርዥ ሞሬልና ክሎድ ማርቲን በቫይረስ ከታመመ የዳሊያ አበባ ጫፉን ወስደው ጤነኛ ተክል አወጡ። ምክንያቱም ቫይረስ በተክሉ ገላ ቢመላም፥ ገና በማደግ ላይ ወዳለው ጫፍ እምብዛም አይደርስም። ከአንድ ሚሊሜትር የምታንሰው ያች ጫፍ ከተሐዋስያን በጸዳ ብርጭቆ ውስጥ ጨው፥ ስኳርና የዕድገት ቅመም ሲሰጣት ሥርና ቅጠል አውጥታ ትበዛለች።

ይሁን እንጂ ንጹሕ መሆንና በሽታን መቋቋም አንድ አይደሉም። ከብርጭቆ የወጣው ችግኝ ወደ ታመመ መሬት ቢገባ እንደ እናቱ ይታመማል። ከዚህም የሚብሰው፥ ሁሉም የአንዲት እናት አምሳል በመሆኑ፥ አንዱን የጣለ ደዌ ሁሉንም መጣሉ ነው። አየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ይህን በድንቿ አይታ፥ በረኃብና በበሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቆባታል።

እንግዲህ የመቋቋም ኀይል ከሌላ ዘር መፈለግ አለበት። ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ወጥቶ በሚገኘው የሰሜን ደጋ፥ ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ ያለው እሾኻም ቀጋ ይበቅላል፤ ሕፃናት ፍሬውን ይበሉታል። ይህ ቀጋ የጽጌ ረዳ ወገን ነው፤ ከሰሓራ በታች ባለው አፍሪቃም ከእርሱ በቀር የዱር ጽጌ ረዳ የለም። የዱሩ ከእርሻው ጋር ሲዳቀል ፅንሱ በፍሬው ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን ሳይሞት አውጥቶ በብርጭቆ ማሳደግ ይቻላል። የትኛው ቀጋ የትኛውን ደዌ እንደሚችል ግን ተፈትኖ መለየት አለበት። ይህም በጎንደርና በደባርቅ ላሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ ሥራ ነው።

ሕጉስ አስቀድሞ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ የአገርን ዘር መውሰድን ይከለክላል፤ ዘሩን ጠብቆ ያቈየው ሕዝብም ከጥቅሙ ድርሻ እንዲያገኝ ያዝዛል። አዋጁ ግን የሚጠቅመው ቀጋው ሳለ ነው። ለአጥርና ለማገዶ ተመንጥሮ ካለቀ፥ ወይም ዘሩ በስውር ወጥቶ በባዕድ ስም ቢመለስ፥ ኢትዮጵያ የራሷን ሀብት በዋጋ ልትገዛ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ምንጣሮውን ቢከለክሉ፥ ካህናትም የቤተ ክርስቲያኑን ደን እስከ ዛሬ እንደ ጠበቁ በቅጽሩ ያለውን ቀጋ እንደ ተራ እሾኽ ባያስቈርጡት፥ ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ሀብት ያቈዩለታል።